«እስማማለሁ» ያልነው ለማን ነው?



ከአዲስ አበባ ቂብላ ወደ ሰሜን ነው። ወደ ምሥራቅ አምስት ዲግሪ ገደማ ዘንበል ከማለቱ በቀር ሌላ ስሌት የለውም፤ ቤተልም፣ አየር ጤናም፣ ካራ ቆሬም ያው ነው። የሶላት ወቅትም እንዲሁ። በአየር ጤናና በሲኤምሲ መካከል ያለው የፀሐይ ልዩነት አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ አንድ የሶላት መተግበሪያ «አዲስ አበባ» የሚለውን ከዝርዝር ብንመርጥለት ሥራውን በሙሉ መሥራት ይችላል። ታዲያ ተኝተንም ተነሥተንም የት እንዳለን በሜትር ልክ ማወቅ የሚፈልገው ለምንድን ነው?

መልሱ ከተሰማ ቆይቷል፤ እኛ ግን ዜናውን ሼር አድርገን አለፍነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ማዘርቦርድ የተባለው የዜና ድረ ገጽ አንድ ነገር አጋለጠ። ያኔ ከ98 ሚሊዮን ጊዜ በላይ የወረደው «ሙስሊም ፕሮ» የተጠቃሚዎቹን መገኛ ኤክስ-ሞድ ለተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ይልክ ነበር። ኤክስ-ሞድ መረጃ ነጋዴ ነው፤ ከደንበኞቹ መካከል ለአሜሪካ ጦር የሚሠሩ ተቋራጮች ነበሩበት። ሙስሊም ፕሮ «ለጦሩ አልሸጥንም» ብሎ አስተባበለ፤ ከኤክስ-ሞድ ጋር የነበረውንም ግንኙነት አቋረጠ። ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ ደግሞ «ሶላት ፈርስት» የተባለ ሌላ መተግበሪያ ፕሬዲሲዮ ለተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ መገኛ ሲልክ መኖሩ ወጣ። ሱብሓነላህ! አዛን ያሰማናል ብለን ያስገባነው ነው።

ያኔ ብዙዎቻችን ያልነው «የኢስላም ጠላቶች ሴራ ነው» ነበር። ምንም ነገር ስለማያሠራን ደስ የሚል መልስ ነው። ግን መገኛችንን ያስተላለፈው ስሙም ይዘቱም የእኛ የሆነ፣ ለእኛው ተብሎ የተሠራ መተግበሪያ ነው። አሠራሩም ምሥጢር የለውም፦ መረጃ ነጋዴው ቁራጭ ኮድ ጽፎ ለመተግበሪያው ባለቤት ይሰጣል፤ ባለቤቱ ኮዱን ውስጥ ይከታል፣ ገንዘብ ይከፈለዋል፣ እኛ እንላካለን።

የድረ ገጽ ኩኪም የዚሁ ዘመድ ነው። በመሠረቱ ክፉ ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1994 የኔትስኬፕ መሐንዲስ ሉ ሞንቱሊ ሲፈጥረው አንድ ድረ ገጽ እንግዳውን እንዲያስታውስ ብሎ ነው። የማስታወቂያ ኩባንያዎች ግን በሌሎች ሰዎች ገጽ ላይ የራሳቸውን ኩኪ ማስቀመጥ ጀመሩ። ጠዋት ተፍሲር ያነበብንበት፣ ቀትር ላይ ስለ ሕመማችን የጠየቅንበት፣ ማታ ሥራ የፈለግንበት ገጽ ሦስት ቢሆኑም ከኋላ ሆኖ የሚመዘግበን አንድ ሊሆን ይችላል።

«ፈቅዳችሁ የለም ወይ?» ይሉናል። እስኪ ይህን ፈቃድ በዲናችን ሚዛን እንየው።

በሱረቱ አን-ኑር 27ኛውና 28ኛው አንቀጾች የሰው ቤት ፈቃድ ሳንጠይቅና ሳንሰላመት እንዳንገባ፣ «ተመለሱ» ከተባልንም እንድንመለስ ታዘናል። ልብ በሉ፤ የፈቃድ ጥያቄ ጥያቄ የሚሆነው «ተመለስ» የሚል መልስ ሲኖረው ነው። ብዙ ድረ ገጾች ላይ ግን «ሁሉንም ተቀበል» የሚለው ደምቆ ከፊት ይቆማል፤ «አልፈቅድም» ሦስት ገጽ ወደ ውስጥ ተደብቋል፣ ወይም ጨርሶ የለም። የፈረንሳይ የመረጃ ጥበቃ ተቋም በጃንዋሪ 2022 ጉግልን 150 ሚሊዮን፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ የቀጣው በዚሁ ነገር ነው፦ መቀበል በአንድ ጠቅታ፣ እምቢ ማለት ግን በብዙ ጠቅታ ስላደረጉት። ይህን አደብ እኛ ከ1400 ዓመት በፊት ተምረነው ዛሬ ፈረንሳይ ታስከብረዋለች፤ እኛ «እሺ» እያልን እናልፋለን።

«የምንደብቀው ነገር የለንም» የምትሉ ወንድሞችና እህቶችም አላችሁ። በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበውን አስታውሱ። አንድ ሰው በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ክፍል ቀዳዳ አጮልቆ ሲያይ አገኙት። ያን ጊዜ በእጃቸው ማበጠሪያ ይዘው ራሳቸውን ያኩ ነበር። የሚደበቅ ምን አለበት? ሰውየውን ግን በብርቱ ገሠጹት፤ ፈቃድ መጠየቅ የተደነገገው በዓይን ምክንያት መሆኑንም አስተማሩት። መጠበቁ ነውር ላለበት ሰው ብቻ አይደለም። ደግሞስ እኛ፣ በ2004 «ድምፃችን ይሰማ» ብለን በፌስቡክ የተጠራራን ሕዝብ፣ ማን የት መስጂድ እንደሚሰግድ ማወቅ ለማን እንደሚጠቅም አስረጂ ያስፈልገናል?

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ኮልፌ ውስጥ የእናቶቻችንን ስልክ የምናስተካክለው እኛ ነን። ቁርኣንና የሶላት ወቅት ጭነን፣ «ፍቀድ»፣ «ፍቀድ»፣ «ፍቀድ» ብለን እንሰጣቸዋለን። እሳቸው «አላህ ይባርክህ ልጄ» ብለው ይቀበሉናል። ፈቃዱ የእሳቸው፣ ጣቱ የእኛ! የሰው አማና ላይ እንዲህ መፍጠን ከየት የመጣ ልማድ ነው? ቅንብሮች ውስጥ ገብቶ የመተግበሪያውን የመገኛ ፈቃድ መከልከል፣ ከተማውን በእጅ መምረጥ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሕግም አለ። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ሃይማኖታዊ እምነትን ልዩ ጥበቃ ከሚሹ መረጃዎች መድቦታል፤ ፈቃድም በነፃነትና ታውቆ የተሰጠ እንዲሆን ይጠይቃል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በአሜሪካ እንኳ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በጃንዋሪ 2024 ኤክስ-ሞድ የአምልኮ ቦታዎችን የመሰለ ስሱ የመገኛ መረጃ እንዳይሸጥ አግዷል። ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው፤ ያም ሆኖ መጣ።

በአማርኛ የቁርኣን፣ የሐዲስና የአዝካር መተግበሪያ የምትሠሩ ወንድሞቻችን፣ ልፋታችሁን አላህ ይቀበላችሁ። ነፃ የሆነ ነገር ወጪ እንዳለው እናውቃለን፤ ማስታወቂያ ማስገባታችሁም አይገርመንም። የምንጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። መተግበሪያችሁ ውስጥ የየትኛው ኩባንያ ኮድ አለ? ከስልካችን ምን ይወስዳል? «አልፈቅድም» ላለ ሰውስ ይሠራል? መልሳችሁን በአማርኛ ጻፉልን፤ ከነስማችሁ እዚሁ ገጽ ላይ እናወጣዋለን፣ ኢንሻአላህ።