የዚያን ዓመት መጋቢት እንዴት አሳለፋችሁት?

ለአገር ቤት ወገኖቼ፣

የምጽፍላችሁ ከሚላኖ ነው። እዚህ ጣሊያን በየዓመቱ መጋቢት 9 ቀን በኮሮና ያለቁት ሰዎች ይታሰባሉ። ቀኑ የተመረጠው በ2012 ዓ.ም. በዚያው ዕለት የወታደር ካሚዮኖች በሰልፍ ሆነው ከቤርጋሞ ከተማ አስከሬን ጭነው ሲወጡ ስለታዩ ነው። ከተማዋ ሬሳዋን ማስተናገድ አቅቷት ነበር። ቀኑ በደረሰ ቁጥር ሁሉም ስለሞቱት ያወራል፤ ይገባልም። እኔ ግን ከእናንተ መስማት የምፈልገው የቀረነው ሰዎች በር ተዘግቶብን ስላመጣነው ብልሃት፣ ስላበጀነው ጨዋታ፣ በደህናው ጊዜ ቢሆን ኖሮ “ምን ነካቸው” ስለሚያሰኘው ነገር ሁሉ ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ዓርብ ነበር። እናንተ ዘንድ የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ የተነገረው ያን ዕለት ነው። እዚህ ደግሞ አገሩ በሙሉ ከተዘጋ አራተኛ ቀኑ ነበር። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ሰዉ ሁሉ መስኮቱን ከፍቶ ያለውን መሣሪያ እንዲጫወት የሚጠይቅ መልእክት በየስልኩ ሲዞር ውሎ፣ ሰዓቱ ሲደርስ አንዱ አኮርዲዮን፣ አንዱ ክራር የሚመስል ጊታር፣ ሌላው ድስትና ጭልፋ ይዞ በረንዳ ላይ ወጣ። በዚያው ሰሞን ሲየና ውስጥ ጭር ባለ ጨለማ መንገድ ላይ አንድ ሰው በመስኮቱ የከተማቸውን የቆየ ዘፈን ሲጀምር ጎረቤቶቹ ከየመስኮታቸው እየተቀበሉት የተቀረጸው ፊልም ዓለምን ዞረ። እናንተም አይታችሁት ይሆናል።

እኔ ያኔ ሲኞራ የምላቸውን አንዲት የ86 ዓመት አሮጊት እየተንከባከብኩ እዚያው ቤታቸው እኖር ነበር። ቤቱ የድሮ የፋብሪካ ሠራተኞች ይኖሩባቸው ከነበሩት፣ ሚላኖዎች ካዛ ዲ ሪንጊዬራ ከሚሏቸው አንዱ ነው። መሐሉ ግቢ ነው፤ በየፎቁ የብረት መከታ ያለው አንድ ረጅም በረንዳ ዙሪያውን ይዞራል፤ የሁሉም ሰው በር የሚከፈተው ወደዚያ ነው። ሲኞራ በዚያ ምሽት “ትልቁን የፓስታ ድስት አምጪልኝ” አሉና ሻርፓቸውን ተከናንበው ወጡ። አንድ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ በዚያኛው ድስቱን ይመታሉ። እኔ ከኋላ ደግፌያቸዋለሁ። ፊት ለፊታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ጡረታ የወጡ የትራም ሹፌር በቁልፍ የብረቱን መከታ እያንኳኩ መለሱላቸው።

ጋዜጠኛው ሁሉ የዘገበው ዘፈን ብዙ አልቆየም። መጋቢት 18 ቀን በአንድ ቀን ብቻ 919 ሰው መሞቱ ተነገረ። የአምቡላንስ ድምፅ ቀንና ሌሊት በሚሰማበት ከተማ ማን ይዘፍናል? በእኛ ግቢ ግን የድስቱ ነገር አልቀረም። እንደ መጀመሪያው ቀን የደስታ አልነበረም፤ ጥቂት ጊዜ ተመቶ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። የድስት ድምፁ ስም ጥሪ መሆኑን የተረዳሁት አንድ ምሽት የትራም ሹፌሩ ያልወጡ ለታ ነው። ሲኞራ መምታታቸውን ትተው “የሦስተኛ ፎቁ ሰውዬ የታሉ?” ብለው ጮኹ። ግቢው ሁሉ ወደዚያ በር ዞረ። ጎረቤታቸው አፏን በሻርፕ ሸፍና ብታንኳኳ መልስ የለም። የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተው በሩን ሲከፍቱ ትኩሳት ጥሏቸው ወለል ላይ ተገኙ። ከሆስፒታል በሕይወት ተመልሰዋል። ማንም ዶክተር፣ ማንም ባለሥልጣን በዚያ ሰዓት እሳቸው እንደጎደሉ ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ ያወቀው ድስት የሚመታው ግቢ ነው።

ይህን ሳይ የታወሰኝ የሰፈራችን ቡና ነው። አንዲት ሴት ሁለት ቀን ከቡና ከቀረች “ምን ሆና ይሆን” ተብሎ ልጅ ይላካል። ስለዚያ ዘመን ሳስብ ሰው በየአገሩ ያደረገው እንግዳ ነገር ሁሉ በአብዛኛው ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ፤ “አለሁ፤ አንተስ አለህ?” መባባል። ሁሉንም እኩል የማላየውም ለዚህ ነው። በደቡብ ፈረንሳይ ቱሉዝ አጠገብ አንድ ሰው 7 ሜትር በምትሆን በረንዳው ላይ ወዲያና ወዲህ እያለ የማራቶንን 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ ጨርሷል፤ ስድስት ሺህ ጊዜ ገደማ መመላለስ ማለት ነው። ጽናቱን አደንቃለሁ። የበለጠ የወደድኩት ግን እዚሁ ጣሊያን ፊናሌ ሊጉሬ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሁለት ልጃገረዶች ከየቤታቸው ጣሪያ ላይ ሆነው፣ በመሐላቸው መንገድ እያለ ቴኒስ የተጫወቱትን ነው። በዚያው ዓመት በአውሮፓ በጋ የቴኒስ ኮከቡ ሮጀር ፌደረር ራሱ ድንገት መጥቶ እዚያው ጣሪያ ላይ ተጫወተላቸው። ኔዘርላንድ ውስጥ የተጀመረውና ሎስ አንጀለስ ያለው የጌቲ ሙዚየም ያስፋፋው ጨዋታም ነበር፤ ሰዉ በቤቱ ባለ ዕቃ፣ በፎጣውም በሽንኩርቱም፣ የታወቁ ሥዕሎችን መስሎ ፎቶ ይነሳል። ለእሱ ብዙ ቃል አላባክንም።

የናፖሊን ቅርጫት ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ናፖሊ ውስጥ ቅርጫት በገመድ አስሮ ከፎቅ ወደ መንገድ ማውረድ የቆየ ልማድ ነው፤ አሮጊቶች ደረጃ ሳይወርዱ ዳቦና አትክልት የሚገዙበት። በዚያ መጋቢት የቀን ሥራው ቆሞ ብዙ ቤት ምግብ ሲያጥር፣ ሰዎች ቅርጫቱን ሞልተው አወረዱት፤ ጽሑፍም አንጠለጠሉበት። ያለው እንዲጨምር፣ የሌለው እንዲወስድ የሚል ነው። ቃሉን የወሰዱት ከመቶ ዓመት በፊት በዚያች ከተማ ከኖረው፣ ድሆችን በነጻ ያክም ከነበረውና በኋላ ቅዱስ ከተባለው ሐኪም ከጁዜፔ ሞስካቲ ነው። ከላይ ያለው ማን እንደወሰደ አያይም፤ ከታች የሚወስደውም ማንንም አይለምንም። የሰውን ክብር እንዲህ የሚጠብቅ ስጦታ ብዙ አላየሁም። እናንተ ዘንድም በዚያው ሰሞን ማዕድ ማጋራት ሲባል፣ አንዳንድ አከራዮች ኪራይ ሲምሩ ሰምተን በየስልኩ ስንቀባበለው ነበር።

በእኛም ግቢ ቅርጫት መጣ። ዱቄትና እርሾ ከሱፐርማርኬት ጠፍቶ ነበር፤ አገሩ ሁሉ እቤቱ ዳቦ ጋጋሪ ሆኖ። ከታች ያለችው አስተማሪ “እርሾ አጣሁ” ስትል ሰምቼ የእንጀራ እርሾ እንዳለኝ ነገርኳት። ያኔ ጤፍ ከየት ይገኛል? የማቦካው የስንዴና የሩዝ ዱቄት ቀላቅዬ ነው። እርሾው ግን እርሾ ነው። የማርማላታ ጠርሙስ አጥቤ ከሊጡ ላይ ያቀረረውን ቢጫ ውሃ ቀዳሁበት፤ ሽታውን ስትሰማ ተበላሽቷል ብላ እንዳትደፋው “መኮምጠጡ ጤናው ነው” ብዬ ወረቀት ለጥፌበት በገመድ አወረድኩላት። ከሁለት ቀን በኋላ ቅርጫቱ በፎጣ የተጠቀለለ ግማሽ ዳቦ ይዞ ወጣ። ኮምጠጥ ያለ፣ ጠንከር ያለ ዳቦ ነበር። ሲኞራ በሾርባ እየነከሩ በሉት። አስተማሪዋ ከዚያ እርሾ እየቆጠበች እስካሁን ታቦካለች፤ ለእህቷም፣ ለሌሎችም ጎረቤቶች አካፍላለች።

ሁሉም ሰው በረንዳ አልነበረውም። ይህን ካልጻፍኩ ከላይ ያልኩት ሁሉ ሐሰት ይሆናል። በአንድ ክፍል ስድስት ሆነው የተዘጋባቸው ነበሩ፤ ከሚደበድባቸው ሰው ጋር የተዘጋባቸው ሴቶች ነበሩ። በዓረብ አገር የአሠሪው ቤተሰብ ሁሉ ከሥራና ከትምህርት ቀርቶ እቤት ሲውል የእህቶቻችን ሥራ በእጥፍ ጨመረ። በሊባኖስ ደግሞ ደመወዛቸውን እንኳ ሳይቀበሉ ቤሩት ካለው ቆንስላችን ደጃፍ ሻንጣቸውን ይዘው የተጣሉት ኢትዮጵያውያን፣ አስፋልት ዳር ተኝተው ያየናቸው፣ ከልቤ አይወጡም።

እኛም እዚህ የየራሳችን ቤት ያልሆነ ቤት ውስጥ ነበርን። አንዷ ቦሎኛ፣ አንዷ ሮማ፣ ሌሎቻችን ሚላኖ፤ ሁላችንም አሮጊትና ሽማግሌ የምንጦር ሴቶች ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ ሽማግሌዎቻችን ሲያሸልቡ በቪዲዮ እንጠራራና ቡና እናፈላለን። ደንብ አወጣን፤ የሁሉም ጀበና ሳይወጣ ማንም አይቀዳም። ቄጠማ ስለሌለ አንዷ የሽንኩርት ቅጠል ጎዘጎዘች። ሮማ ያለችው የአሠሪዋ ልጆች የዕጣንና የቡና ጭስ ስለማይፈቅዱላት በጣሊያኖቹ የቡና ማፍያ በሞካ እያፈላች አብራን ትቆጥራለች፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ከዚያ የአንዷ ወንድም ደሴ ላይ አረፈ። አውሮፕላን የለም፤ እንኳን ደሴ የጎረቤት ከተማ መሄድ አይቻልም። ነጠላችንን አዘቅዝቀን ለቅሶ በስልክ ተቀመጥን። ሦስት ቀን ሙሉ፣ ማታ ማታ፣ ስልኩ ስኳር ዕቃ ላይ ተደግፎ እሷ ታለቅሳለች፣ እኛም እናለቅሳለን፤ ሥራ ያለባት ትሄድና ትመለሳለች። አንዳንዴ ማንም ሳይናገር የአንዷ ኩሽና ቧንቧ ሲፈስ ብቻ ይሰማ ነበር። እንዲህ ያለ ለቅሶ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። እሷ ግን እስከ ዛሬ “ወንድሜን ያስቀበራችሁኝ እናንተ ናችሁ” ትለናለች።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። ስለ እናንተ የማውቀው ከቴሌቪዥንና ከአጭር የስልክ ወሬ የለቀምኩትን ነው። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ደንቡ መጨባበጥን ከለከለ፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ፣ ታክሲው በግማሽ ሰው እንዲጭን አዘዘ። በእግር የሚረገጥ የእጅ መታጠቢያ ከእንጨትና ከጄሪካን የሠሩ ወጣቶች ፎቶ ደርሶናል። ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን ሲውል ቅዳሴው በቴሌቪዥን እንደተላለፈ አውቃለሁ። ያላወቅሁት ግን ብዙ ነው። ሦስት ጊዜ ጉንጭ ለጉንጭ ሳይሳሳም ሰላም ያለ የማይመስለው የሰፈራችን ሰው በምን ሰላም ተባባለ? ሌሊት በዶሮ ወጥ ጾም ስትፈቱ ማንን ጠራችሁ? ሙስሊም ወገኖቼስ ረመዷን ሲገባ ተራዊሕን በየቤታችሁ ስትሰግዱ፣ ኢፍጣር ጎረቤት ሳይጠራ ሲያልፍ እንዴት ቻላችሁት? ከሳዑዲ ተመልሳችሁ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማደሪያ 14 ቀን የቆያችሁ፣ በእነዚያ ክፍሎች ጊዜውን በምን ገፋችሁት? ከመስኮት ወደ መስኮት የተጠራራችሁበት ዘፈን ነበር?

የምጠይቀው የምፈራው ነገር ስላለ ነው። ኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያ የኅዳር በሽታ የገባ ጊዜ ስንት ሰው እንዳለቀ፣ ሬሳ እንዴት እንደወደቀ ጥቂት ጸሐፊዎች ትተውልናል። በየዓመቱም ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እያቃጠልን ኅዳር ሲታጠን እንላለን። በሽታው በር ያዘጋበት ቤት ውስጥ ግን ሰዉ ምን ሲያደርግ እንደዋለ፣ ልጆችን በምን እንዳጫወተ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን በምን ምልክት እንደጠየቀ ከአያቶቼ አንድም ቃል አልሰማሁም። እኔም ሳልጠይቃቸው ሄዱ።

በር ተዘግቶባቸው ሳለ ራሳቸው ጽፈው ያለፉ ሰዎች ግን አሉ። ቬኒስ አጠገብ በውሃ የተከበበች ላዛሬቶ ኑዎቮ የምትባል ደሴት አለች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1468 ጀምሮ ወረርሽኝ ካለበት አገር የመጣ መርከብ፣ ሰዉም ዕቃውም ወደ ከተማ ከመግባቱ በፊት እዚያ ይቆይ ነበር። ዕቃው ይናፈስበት የነበረው ረጅም መጋዘን ዛሬም ቆሟል፤ ግድግዳውም ላይ ተሸካሚዎቹ፣ ጠባቂዎቹና ነጋዴዎቹ በቀይ ቀለም የጻፉት አለ። ከቆጵሮስ፣ ከቁስጥንጥንያ ስለመጣ ጭነት፣ ስማቸውን፣ ቀኑን፣ የመርከብ ሥዕል። ጽሑፉን ያየሁት ሁሉም ከተከፈተ በኋላ ነው። ከአራት መቶ ዓመት በላይ ያለፋቸው፣ ሹመት ያልነበራቸው፣ ምናልባት ማንም የማያስታውሳቸው ሸክም ተሸካሚዎች ዛሬ ስማቸው ይነበባል፤ በተዘጋባቸው ቀን ግድግዳ ላይ ስለጻፉ።

ስለዚህ የእኔ ልመና ይህ ነው። በየቤታችሁ ያሉ ወጣቶች ስልካቸውን ይዘው ከእናቶቻቸው፣ ከአክስቶቻቸው ጋር አንድ ቀን ይቀመጡ። “ኮሮና እንዴት ነበር?” ብለው እንዳይጠይቁ፤ “ኧረ አይነሳ” ተብሎ ይቀራል። “በዚያ ፋሲካ ዶሮውን ማን ገዛ? ከማን ጋር ተበላ? ሰላምታችሁ ምን ነበር?” ብለው ይጠይቁ፣ ድምፁን ይቅዱ፣ ውጭ ላለነውም ይላኩልን። እኔ የሚላኖውን ግቢ ታሪክ በድምፅ ቀድቼ ለእህቴ ልጆች ልኬያለሁ።

ማን ዘንድ እንጀምር ካላችሁኝ፣ ከየዕድራችሁ ጸሐፊ ጀምሩ። ዕድር ስም የሚጠራ፣ ከቀብር የቀረውን የሚቀጣ ማኅበር ነው። ከአራት ሰው በላይ አይሰብሰብ በተባለበት ሚያዝያ ማን ቀበረ? ድንኳን ተተከለ ወይስ አልተተከለም? የቀረው ተቀጣ ወይስ ተማረ? ያን ዘመን የያዘው መዝገብ በጸሐፊው እጅ ነው፤ ቢቻል ሰውዬው በሕይወት እያሉ፣ መዝገቡም አይጥ ሳይበላው፣ የ2012ን ገጾች በስልክ ፎቶ አንሷቸው።

አክባሪያችሁ፣
ከሚላኖ