የቱቦው ጫፍ

ሰው ቤቱን ሲያድስ ቀለም ይቀባል፤ መጋረጃ ይለውጣል። ከግድግዳው ሥር የተቀበረውን የፍሳሽ ቱቦ ግን ካልሸተተው በቀር አያስታውሰውም። እኔም ከዚህ ወገን ነበርሁ። አባቴ በሐይቅ ከተማ ባቆዩልን ቤት የወጥ ቤቱ እጣቢ የሚወርደው በብረት ቱቦ ነው። ብረቱ ከውስጥ ዝጎ እንደ ወንፊት ተበሳስቶ ኖሮ፣ የግድግዳው ልስን ሲረግፍ እኛ በክረምቱ እናሳብብ ነበር።

ምስጢሩን የገለጡልን ከቁልቁል የሚኖሩት ጎረቤታችን ናቸው። አንድ ቀን ወደ አጥሩ ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ “ልጄ፣ የእናንተ ውኃ እኮ ማደሪያ አጥቶ እኛ ዘንድ ከመጣ ሰነበተ” አሉኝ። በማግስቱ ቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁ።

ግጥም እንደሚሞክር ሰው ለአሮጌ ነገር አደላለሁ፤ ፕላስቲክንም እንደ ርካሽ ነገር እቆጥር ነበር። ተሳስቻለሁ። ፒቪሲ አይዝግም፤ ውስጡ ልስልስ ስለሆነ ዝቃጭ በቀላሉ አይዝበትም። ፀሐይ ስለሚያደርቀው ከአፈር በታች ይቀበራል። በአንድ ሜትር ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ቢያዘቀዝቅ ይበቃዋል፤ እጅግ ካጋደለ ውኃው ፈጥኖ ይሮጥና ዝቃጩን ጥሎት ይሄዳል። (ስንቱ ግጥም በዚህ በሽታ ተደፍኖ ቀርቷል!)

ልጁ ሥራውን ሊጨርስ ሲል “ጋሼ፣ ጫፉን ወደ ቦዩ ላውጣው?” አለኝ። ክርክሬ የሚጀምረው ከዚህች ጥያቄ ነው።

ጣና በዓባይ ይተነፍሳል። ሐይቃችን ግን መተንፈሻ የለውም፤ የአንካርካ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ተዳፋቱን ይዞ የወረደ ሁሉ እዚያ ይቀራል። ፀሐይ ውኃውን ትወስዳለች፤ ሳሙናውን ግን ትተዋለች። የሳሙናው ፎስፌትና የእጣቢው ቅሪት አረንጓዴውን አልጌ ይመግባሉ፤ አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ ዓሣው የሚተነፍሰውን ኦክስጅን ይሻማል። እንግዲህ ከቦይ አፍ ላይ የሚያልቅ አዲስ ቱቦ ፍሳሹን አልጠገነም፤ ከጎረቤት ግቢ አንሥቶ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደቀ መዛሙርት ወዳስተማሩበት ገዳም ደጃፍ አዛወረው እንጂ።

እኛ ገጣሚ ነን ባዮች ደግሞ ከሁሉ እንብሳለን። በአምባሰል ቅኝት እያንጎራጎርን ሐይቁን መስተዋት እንለዋለን፤ በዚያው ምሽት የድስታችንን እጣቢ በመስተዋቱ ላይ እንደፋለን። እኔ ራሴ ያንን ቃል ስንት ጊዜ እንደ ተጠቀምሁበት ደብተሬ ይመስክር።

ስለዚህ ቱቦውን የለወጠ ሰው ወጪውን ሲያሰላ የቱቦውን ማረፊያም አብሮ ያስላ እላለሁ፤ በግቢው ውስጥ ቅባት ማስቀሪያና በድንጋይ የተሞላ ማስረጊያ ጉድጓድ፣ ከውኃ ጉድጓድ የራቀ። የእኔ ጉድጓድ ከቱቦው ይልቅ ዋጋ ወስዷል። በባንክ መስኮት ውዬ የሰው ብር ስቆጥር የምኖር ሰው ነኝና፣ ይህን ስናገር እንደ ቀላል ነገር አልናገረውም።

ጎረቤታችን መጥተው ሥራውን አዩ፤ መረቁኝም። ከዚያ ሳቅ አሉና “ሙዜ ግን ጠወለገ” አሉ። ለካስ በእኛ ውኃ ይኖር ኖሯል። አሁን ጎመንና ድንች የታጠበበትን፣ ሳሙና ያልነካውን ውኃ ማታ ማታ በባልዲ በአጥሩ ላይ አቀብላቸዋለሁ።