ራም ላይ ያለ ይረሳል

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። ኮምፒውተርም ሁለቱንም ይዟል። ራም የሚባለው ጊዜያዊ ማስታወሻ እንደ ቃል ነው፤ ዲስክ ላይ ያለው ፋይል ደግሞ እንደ መጽሐፍ። እኛ ግን ስክሪን ላይ ስላየነው ብቻ ጽሑፉ የተቀመጠ ይመስለናል። መብራት ድርግም ሲል ራም ላይ የነበረው ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

«ታዲያ ይሄ የጋዜጠኝነት ተማሪን ምን አገባው? ኮድ የኮምፒውተር ሳይንስ ልጆች ሥራ ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። እኔ አልስማማም። ከወልድያ፣ ከመርሳና ከሌሎች የሀብሩ ቀበሌዎች ቃለ ምልልስ ይዘን ስንመለስ በየስልካችን የተበታተነ ጽሑፍ ይኖረናል። ይህን አያይዞ አንድ ፋይል ውስጥ ለማስቀመጥ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጥቂት መስመር ይበቃል።

መስመሮቹ ጥቂት ቢሆኑም ሦስት ነገር ማወቅ ይፈልጋሉ። አንደኛ፣ ፋይሉን «ኦፕን» ብለን ስንከፍት «ደብልዩ» የሚለውን ፊደል ከሰጠነው የቀድሞውን ይዘት ጠራርጎ ያጠፋል። ከነበረው ላይ ለመጨመር «ኤ» ነው የሚሰጠው። ሁለተኛ፣ «ራይት» ስላልን ጽሑፉ ወዲያው ዲስክ ላይ ደረሰ ማለት አይደለም። መጀመሪያ ጊዜያዊ ማቆያ ላይ ይጠብቃል፤ ፋይሉ ሲዘጋ ይለቀቃል። «ዊዝ» በሚለው ቃል ከጀመርን መዝጋቱን ፓይተን ራሱ ይሠራልናል።

ሦስተኛውና ለእኛ ዋናው የፊደላችን ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በዩቲኤፍ-8 አንዱ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ «መርሳ» የሚለው ስም 9 ባይት ይሆናል። ዩቲኤፍ-8 ተጠቀም ብለን ካልነገርነው፣ ዊንዶውስ ላይ ያለ ፓይተን ብዙ ጊዜ ለላቲን ፊደል የተሠራውን አጻጻፍ ይወስድና አማርኛውን አልጽፍም ብሎ ይቆማል። በ«ደብልዩ» የተከፈተው ፋይል ግን ቀድሞ ተጠርጓል።

ይሄ ተራ የቴክኒክ ወሬ እንዳይመስላችሁ። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር ነበረች፤ የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ንብረትም ተዘርፏል፣ ወድሟል። ያን ጊዜ ያዩትን የሚነግሩን እናቶችና አባቶች አሉ። አንዲት እናት ልጇን ያጣችበትን ቀን አንዴ ከነገረችን በኋላ «ፋይሉ ጠፋብንና እባክዎ ይድገሙልን» ማለት ቁስል መነካካት ነው።

ስለዚህ ዲፓርትመንታችን ከመስክ ሥራ በፊት ሁለት ሰዓት መድቦ እነዚህን መስመሮች በተግባር ያስተምረን እላለሁ። የምናስረክበውም ሥራ በዩቲኤፍ-8 የተቀመጠ፣ ቦታውና ቀኑ በፋይሉ ስም ላይ የተጻፈ፣ ሁለተኛ ቅጂውም ሌላ ቦታ ያለ ይሁን። አንድ ማሽን ላይ ያለ ፋይል ከማሽኑ ጋር ይዘረፋልና። መርሳ ላይ የሰማነውን ላለመርሳት ይሄ ብዙ ድካም አይደለም።