ከቦሌ ለሚመለሰው ሰው ወረቀት ስጡት

ይድረስ ለኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ዋና ዳይሬክተር
አዲስ አበባ



የምጽፍልዎ ከሐረር፣ ከጀጎል ግንብ ውስጥ ሆኜ ነው። በአሚሮቹ ዘመን የዚህ ከተማ በሮች ማታ ማታ ይዘጉ ነበር፤ እንግዳ የሚገባውም የሚወጣውም በአሚሩ ፈቃድ ነበር። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ገብቶ አሥር ቀን ሲቀመጥ ዋናው ጭንቀቱ አሚሩ ያስወጣኝ ይሆን ወይ የሚል ነበር። ዛሬ የጀጎል በሮች ሌሊትም አይዘጉም። ፈቃጁ ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዷል።

በደርግ ጊዜ ፓስፖርት የያዘ ሰውም የመውጫ ቪዛ ካላገኘ አይሄድም ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከሀገር መውጣት ይችላል አለ። አዋጅ ቁጥር 354/1995 ደግሞ ሰውን ከጉዞ የማገድ ሥልጣንን ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጠ። ሕጉ ጥርት ያለ ነበር። ሆኖም በ2008 የዞን ዘጠኙ ጦማሪ ዘላለም ክብረት ሽልማት ለመቀበል ወደ ፈረንሳይ ሲነሣ ቦሌ ላይ ፓስፖርቱን ተነጠቀ። በ2013 ፖለቲከኛው አቶ ልደቱ አያሌው ለልብ ሕክምና ሊሄዱ ሲሉ ከዚያው ተመለሱ። ስመ ጥር ስለሆኑ ሰማን፤ የጀጎሉ የሸዋ በር ነጋዴ ቢመለስ ግን ማን ይሰማል?

በ2016 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጁን ሲያሻሽል ይህ ልማድ ይታረማል ብለን ነበር። ማሻሻያው ግን ጉዳዩ አስቸኳይ ሲሆን የመሥሪያ ቤትዎ ኃላፊ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲያግድ ፈቀደ። ልማዱን ወደ ሕጉ በመመለስ ፈንታ ሕጉን ወደ ልማዱ ወሰዱት። ተጠርጣሪ እንዳያመልጥ ነው ትሉ ይሆናል። ለዚያ ተረኛ ችሎት አለ።

ክልከላ ምን እንደሚያመጣ ደግሞ እኛ ምሥራቆች እናውቃለን። መንግሥት በጥቅምት 2006 ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መሄድን አገደ፤ እስከ ጥር 2010 ቆየ። ችግሩ ቀላል አልነበረም፤ እገዳው በወጣበት ዓመት ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ተባረዋል። ነገር ግን እገዳው ቦሌን ዘጋ እንጂ የሶማሊያውን ወደብ ቦሳሶን አልዘጋም። ልጆቻችን ደላላ ተከትለው በጅግጅጋ ወደ ድንበሯ ቶጎ ውጫሌ፣ ከዚያ በሶማሌላንድ አቋርጠው ወደ ባሕሩ፣ በጀልባም ወደ የመን ሄዱ። በመንገድ የቀረ አለ፤ የደረሰም በየመን ጦርነት መሐል ገባ።

አዋጁን መሻር በእጅዎ አይደለም፤ ያ የምክር ቤቱ ሥራ ነው። በእጅዎ ያለውን ግን ይሥሩልን። ከቦሌ የሚመለስ ሰው ሁሉ ማን እንዳገደው፣ በየትኛው አንቀጽ፣ በምን ምክንያትና እስከ መቼ እንደታገደ የሚገልጽ ማኅተም ያለው ወረቀት በዚያው ሰዓት ይሰጠው። በቃል ብቻ “ተመለስ” የተባለ ሰው ምን ይዞ ዳኛ ፊት ይቆማል? ቲኬቱ ይቃጠላል፣ ቪዛው ጊዜው ያልፋል፣ ጥፋቱን ግን አያውቅም።

ማሻሻያው ከወጣ ወዲህ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የታገዱት ስንት እንደሆኑና ከእነርሱስ ስንቱ ክስ እንደተመሠረተበት ለሕዝብ ያሳውቁን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጀጎል ነዋሪ፣ ሐረር