ልጆቻችን ያለ ዕድሜያቸው አባወራ አይሁኑብን

 

ዛሬ የአክስቴን ልጅ ነገር ላንሳ። 16 ዓመቱ ነው። ጎንደር ተወልዶ አድጎ፣ በ2023 በ«ጹር እስራኤል» ዘመቻ ከእናቱ ጋር መጣ። ከመርከዝ ቅሊጣ ወጥተው ቂርያት ጋት ቤት ከገቡ ገና ዓመት አልሞላቸውም። ከአራዳ እስከ ፒያሳ ሰው ሲተራመስ እያየ ያደገ ልጅ፣ እዚህ ዓርብ ማታ አውቶቡሱ ቆሞ፣ ሱቁ ተዘግቶ፣ መንገዱ ጭር ሲል አይቶ «ጋሼ፣ ሰዉ የት ሄደ?» አለኝ። ሳቅሁ። እኔም ልጅ ሆኜ ስመጣ ይህንኑ ጠይቄ ነበር።

ጭርታውስ ይለመዳል። የከበደኝ ሌላ ነው። በቀደም መጥቶ «ትምህርቴን ትቼ ፋብሪካ ልግባ» አለኝ። ታላቅ እህቱ ከነልጆቿ ጎንደር ቀርታ ተራዋን ትጠብቃለች። በ2023 በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ስልኳ እንቢ ያለ ቀን አክስቴ እህል አይቀምሱም። የቤት ኪራይዋ የሚላከው ከዚህ ነው። በዚያ ላይ የኢሪያውን፣ የባንኩን፣ የኩፓት ሆሊሙን ወረቀት የሚያነበው ይኸው ልጅ ነው። ሐኪም ፊት ለእናቱ የሚያስተረጉመውም እሱ! ልጅ ሊሰማው የማይገባውን የእናት ሕመም ይሰማል።

እኛ ደግሞ «ጎበዝ፣ ቤቱን ቀጥ አድርጎ ያዘ» እንላለን። እኔን ሙገሳው ያስፈራኛል። በ17 ዓመቴ እንዲሁ ተሞግሼ ነበርና። ማታ እየሠራሁ ክፍል ውስጥ ሳንቀላፋ ባግሩቴ ጎደለ። ሙያ ትምህርት ቤት ገብቼ ኤሌክትሪክ የተማርኩት ጸባ ከጨረስኩ በኋላ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን እንጀራ ሆነኝ፤ ግን ስንት ዓመት ዘገየሁ!

ከተማችን ስሟን የወሰደችው ከጎልያድ አገር ከጌት ነው። ዳዊት ጎልያድን ሊገጥም ሲወጣ ሳኦል የራሱን ጥሩር አለበሰው። ብላቴናው መራመድ አቃተውና አወለቀው። ሳኦል ክፉ አላሰበም፤ የትልቅ ሰው ልብስ ለልጅ አይሆንም እንጂ። እኛም ያለበስናቸው ይህንኑ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ወረቀቱን ዕብራይስጥ የምንችለው እናንብብ፤ በዚህ ከተማ ሞልተናል። በሳምንት አንድ ምሽት ይበቃል። ሐኪም ቤት ትልቅ ሰው አብሮ ይሂድ። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ መሠረት የአማርኛ ትርጉም መጠየቅም መብታችን ነው፤ ሳናፍር እንጠይቅ። ለጎንደር የሚላከውን ዘመድ ይከፋፈለው፤ እቁብና እድር እናውቅ የለም እንዴ? ጎንደር ያላችሁም ወገኖቼ፣ ሲቸግራችሁ ለልጁ አትደውሉ፤ ለእኛ ደውሉ።

ለልጁ «12ኛን ጨርስ፤ የእህትህን ነገር ለእኛ ተወው» አልኩት። ዝም ብሎ አየኝ። አላመነኝም መሰለኝ። ስለዚህ ይህን በአደባባይ ጻፍኩት፤ ቃሌን ባላከብር እናንተ ጠይቁኝ።

የተለያዩትን አምላክ ያገናኝልን። ቸር ይግጠመን!