የዋካንዳው ሽማግሌ ከንፈር
ሰሞኑን ጀሞ ውስጥ አንድ ፀጉር ቤት ተራ ስጠብቅ ቴሌቪዥኑ «ብላክ ፓንተር»ን እያሳየ ነበር። ፍልሚያው ሲጦፍ ዓይኑን ከስልኩ ያልነቀለ አንድ ወጣት፣ አረንጓዴ ሙሉ ልብስ የለበሰና ከንፈሩ ላይ አረንጓዴ ገል ያደረገ ሽማግሌ ብቅ ሲል ግን ቀና አለ፤ «እንዴ፣ ይሄማ ሙርሲ ነው!» አለ በኩራት። ለእኔ ያልተዋጠልኝ ሌላ ነው። ሙርሲዎች ዘንድ ገሉን የሚያደርጉት ሴቶች ናቸው፤ ፊልሙ ለወንድ ሰጠው። በእርግጥ ስታን ሊና ጃክ ከርቢ እ.ኤ.አ. በ1966 በኮሚክ መጽሐፍ የወለዷት የፊልሙ አገር ዋካንዳ በእውን የሌለች ናትና እንደ ዘጋቢ ፊልም አትመዘንም። የፊልሙን አልባሳት የነደፈችው ሩት ካርተርም ኦስካር መውሰዷ ይገባታል። ቢሆንም ከማሳይ፣ ከሌሶቶ፣ ከኦሞ የተለቀመው ሁሉ ባለቤቱ ሳይጠራ የአንድ ምናባዊ አገር ጌጥ ሲሆን ቅር ይለኛል። ለእኔ ፊልሙ ጥቁርን ንጉሥና ሳይንቲስት አድርጎ በማሳየቱ አንደኛ ነው፤ የተዋሰውን በማወቅ ግን መካከለኛ። ልዕለ ጀግናስ እኛም ዘንድ አለ፤ ኢታን ኮሚክስ ኢትዮጵያዊውን ልዕለ ጀግና «ጀምበር»ን በአማርኛ ጭምር ካሳተመ ዓመታት አልፈዋል። የአገሬ ፊልም ሠሪዎች፣ ገሉን ከባለቤቷ ከንፈር ላይ የምታሳዩን መቼ ነው?