ድብቅ የሳንባ ነቀርሳ፦ የአዋቂዎች ልየታ ከታማሚው ቤት ይጀምር

የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ በሰውነታቸው ካደረ ሰዎች መካከል በዕድሜ ዘመናቸው የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህሉ ናቸው። የቆዳውም ሆነ የደሙ ምርመራ እነዚህን አስቀድሞ በአስተማማኝ ሁኔታ አይለይም። ስለሆነም በሐይቅና በአምባሰል አዋቂን ሁሉ እንመርምር ማለት አቅምን መበተን ነው።

የተሻለው መነሻ በአክታ ምርመራ በሽታው የተረጋገጠበት ሰው ቤት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የ2020 እ.ኤ.አ. መመሪያ አብረው ለሚኖሩ አዋቂዎችም የመከላከያ ሕክምና ሊሰጥ እንደሚችል ይገልጻል፤ የቆዳ ወይም የደም ምርመራንም ግዴታ አያደርግም። ለሕፃኑ ብላ ቤት የገባች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እናቱንና አያቱን ሳትጠይቅ መውጣት የለባትም።

ሆኖም ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ያለበት ሰው አስቀድሞ ይመርመር፤ ንቁ በሽታን በመከላከያ መድኃኒት ማከም የተላመደ ባክቴሪያን ይጋብዛል። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በጠቅላላው 12 ጊዜ የሚወሰደው የኢሶኒያዚድና የሪፋፔንቲን ሕክምና ርቆ ለሚኖር ገበሬ ይቀላል። ነገር ግን ጉበትን ሊጎዳ፣ የሆርሞን የወሊድ መቆጣጠሪያንም ሊያዳክም ይችላል። ጤነኛ ነኝ ለሚል ሰው መድኃኒት የምንሰጥ ከሆነ ይህን አስቀድሞ ማስረዳትና እስከ ፍጻሜው መከታተል ግዴታችን ነው።